ለትንሽ ቢሮ የሚሆን ስልክ፦ ከሎዌል ከተማ እስከ ክሊኒካችን

የመጽሔታችን አዘጋጆች «ታሪክ ነክ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ የጠበቁት ስለ ዋርዶቻችን ወይም ስለ መምህሮቻችን እንደሆነ እገምታለሁ። እሱን ከእኔ በላይ የሚያውቁት ታላላቆቻችን ይጻፉት። እኔ የመረጥኩት ስልክን ነው፤ ያውም የቢሮ ስልክን። ማኅበራችን ለጽሕፈት ቤቱ ስልክ ሊያስገባ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። «ሐኪም ስለ ስልክ ምን አገባት?» የሚል ካለ ደግሞ፣ ታሪኩን ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን ብናየው ሐኪሞች ገና ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ነበሩ። (የውጭውን ታሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገር ቤቱን አዋጅ በራሳችን አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።)

ደዋይ፣ ማዞሪያ፣ ሐኪም

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክን የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1876 ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1878፣ በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት ታሪፍቪል በሚባል ቦታ ድልድይ ተደርምሶ ባቡር ወንዝ ውስጥ ገባ። በአቅራቢያው ባለችው በሃርትፎርድ ከተማ አንድ መድኃኒት ቤት ከአካባቢው ሐኪሞች ጋር የሚያገናኝ የስልክ መስመር ዘርግቶ ነበርና ሐኪሞቹ ወደ አደጋው እንዲሄዱ የተጠሩት በስልክ ነው። በዚያው ወር፣ በዚያው ግዛት፣ በኒው ሄቨን ከተማ የመጀመሪያው የንግድ ስልክ ማዞሪያ በ21 ደንበኞች ሥራ ጀመረ።

የዚያን ጊዜ ማዞሪያ ማለት ሰው ማለት ነው። ደዋዩ ስልኩን ያነሳል፣ ኦፕሬተሯ «ማንን ላገናኝዎ?» ትላለች፣ ስም ይነገራታል፣ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ ሌላው ላይ ትሰካለች። የማን መስመር የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ የሚያውቀው የእሷ ጭንቅላት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ገደማ በማሳቹሴትስ ግዛት በሎዌል ከተማ ኩፍኝ ገባ። ሞዝስ ግሪሊ ፓርከር የሚባሉ ሐኪም አንድ ነገር አሳሰባቸው፦ የከተማዋ አራቱ ኦፕሬተሮች አንድ ላይ ቢታመሙስ? ከ200 በላይ ደንበኞችን በስም የሚያውቅ ተተኪ ከየት ይመጣል? እንግዲያው ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቁጥር ይሰጠው አሉ። ዛሬ ሁላችንም የምንጠራበት የስልክ ቁጥር የመጣው እንዲህ ባለ የወረርሽኝ ስጋት ነው። የኅብረተሰብ ጤና የምታስተምሩ መምህሮቻችን ይህችን ለተማሪዎቻችሁ ብትነግሯቸው አይከፋም።

ብዙም ሳይቆይ፣ በ1891፣ አልሞን ስትሮውጀር የሚባል የቀብር አስፈጻሚ ያለ ሰው የሚሠራ ማዞሪያ የፈጠራ መብት አገኘ። ለዚህ ያነሳሳው ደንበኞቹ ሲደውሉ ኦፕሬተሯ ለተፎካካሪው ስለምታገናኝበት ነው ተብሎ ይነገራል። እኛም ጋ ስልክ የገባው በዚያው ዘመን ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 የተጀመረው ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር የሚዘልቀው 477 ኪሎ ሜትር መስመር የቴሌኮም ታሪካችን መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል።

መሥሪያ ቤቶች እየሰፉ ሲሄዱ የየራሳቸውን ትንሽ ማዞሪያ ግቢያቸው ውስጥ ማስገባት ጀመሩ። ከውጭ ጥቂት መስመር ይገባል፣ ከውስጥ ብዙ ስልክ ይዘረጋል፣ መሃል ላይ ማዞሪያው ይቀመጣል። ነገሩ ውድ ነው፤ ለሆስፒታል፣ ለባንክ፣ ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤት እንጂ ለሦስትና አራት ሰው ቢሮ የሚታሰብ አልነበረም።

እኛ ኢንተርን በነበርንበት ጊዜ የነበረችውን የማዞሪያ ሴትዮ የምታስታውሱ ታስታውሷታላችሁ። ሞባይል የነበረው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ተረኛዋ ኢንተርን የት እንዳለች ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ማን ኦፕሬሽን ክፍል እንደገባ፣ ማን ዶርም ሄዶ ጋደም እንዳለ፣ ማን ሻይ ቤት እንደተቀመጠ ታውቃለች። ማዋለጃ ክፍል ስልኩ ካልተነሳ ዝም አትልም፤ ቀዶ ሕክምና ትሞክራለች፣ እዚያም ከሌለች ጥበቃውን ትልካለች። በወረቀት የተጻፈ ደንብ አልነበራትም። ግን ሥራዋን አንድ በአንድ ብንጽፈው ዛሬ ኮምፒዩተር ላይ የምንሞላው የጥሪ ቅደም ተከተል ይሆናል፦ መጀመሪያ እዚህ ደውል፣ ካልተነሳ እዚያ፣ ካልተነሳ ሰው ላክ።

ገንዘብ ያጠረው ተማሪ

ድምፅን ቆራርጦ በኮምፒዩተር መረብ የመላክ ሐሳብ ከኢንተርኔት ራሱ ጋር እኩል ያደገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 አርፓኔት በተባለው የአሜሪካ የምርምር መረብ ላይ ንግግር ተላልፏል። በ1995 ቮካልቴክ የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ማንም ሰው በቤት ኮምፒዩተሩ ሊጠቀምበት የሚችል የኢንተርኔት ስልክ ለገበያ አቀረበ። በ1999 ደግሞ ሲፕ የሚባለው መግባቢያ ታተመ። ሲፕ ማለት አንዱ ስልክ ሌላውን «እየደወልኩልህ ነው፣ ታነሳለህ?» የሚልበት ቋንቋ ነው፤ የማንም ኩባንያ ንብረት አይደለም።

ለትንሽ ቢሮ ትልቁ ነገር የመጣው ግን በዚያው በ1999 ከአንድ ተማሪ ነው። ማርክ ስፔንሰር በአላባማ ግዛት የኦበርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ሊነክስ ለሚጠቀሙ ሰዎች የቴክኒክ ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት ከፈተ፤ መነሻ ካፒታሉ 4,000 ዶላር ገደማ ነው። ደንበኞች ይደውላሉ፣ ስለዚህ የስልክ ማዞሪያ ያስፈልጋል፣ የማዞሪያው ዋጋ ደግሞ ከነካፒታሉ የሚውጠው ሆነ። እናም ተቀምጦ ማዞሪያውን በሶፍትዌር ጻፈው። አስተሪስክ ብሎ ሰየመው፤ ስልካችን ላይ ያለችው ኮከብ ምልክት ማለት ነው። ከዚያም ኮዱን ማንም እንዲወስደው፣ እንዲያየው፣ እንዲያሻሽለው ለቀቀው።

ብቻውን አልነበረም። ጂም ዲክሰን የተባለ ሰው ተራ ኮምፒዩተርን ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኝ ካርድ ሠርቶ ንድፉን ለሁሉም ክፍት አደረገ፤ ሥራውንም በሜክሲኮው አብዮተኛ በዛፓታ ስም ጠራው። ሁለቱ ሥራዎች ሲጋጠሙ እስከዚያ ድረስ የትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ብቻ የነበረው ማዞሪያ በማንኛውም ጠረጴዛ ሥር የሚቀመጥ ዕቃ ሆነ። የመጀመሪያው የተሟላ የአስተሪስክ እትም የወጣው በ2004 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልበል። ሕክምና ያስተማሩን መምህሮቻችን እውቀታቸውን ሸሽገው ቢሆን ኖሮ እኛ የት በደረስን? ቀዳሚው ተማሪ ያዘጋጀው ኖት በፎቶ ኮፒ ከባች ወደ ባች ሲወርድ፣ በየመንገዱ ስሕተቱ ሲታረም፣ የእኛም እጅ ሲጨመርበት ኖሯል። የአስተሪስክ ታሪክ ለእኔ አዲስ ያልሆነብኝ ለዚህ ነው።

በእኛ ክሊኒክ እንዴት ሆነ?

እኔና ሁለት የሙያ ባልደረቦቼ ሜሪላንድ ውስጥ ትንሽ ክሊኒክ ስንከፍት አንድ ድርጅት ለስልክ ያቀረበልን ዋጋ ከገዛነው ያገለገለ አልትራሳውንድ ጋር የሚፎካከር ነበር። በጉርብትና የምናውቀው የኔትወርክ ባለሙያ ወረቀቱን አይቶ ሳቀ። «ዶክተር፣ ይሄ እኮ በነፃ የሚገኝ ነገር ነው። የሚያስከፍላችሁ ጊዜና ጥንቃቄ ነው» አለኝ። ልክ ነበር፤ በተለይ ጥንቃቄው።

ያስፈለገን ነገር ይኸው ነው። አስተሪስክ የተጫነበት አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር፤ በኢንተርኔት ኬብል የሚሠሩ አምስት የጠረጴዛ ስልኮች፤ የውጭውን ጥሪ በኢንተርኔት የሚያስገባልንና የሚያስወጣልን አገልግሎት ሰጪ፤ መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩንና ራውተሩን የሚያቆይ ባትሪ። የቀድሞ ቁጥራችንን ይዘን ወደ አዲሱ አገልግሎት መዛወር ስለሚቻል በሽተኞቻችን አገልግሎቱ እንደተቀየረ እንኳ አላወቁም።

«ኢንተርኔታችን ይችለዋል ወይ?» የሚለውን በእስክሪብቶ ማስላት ይቻላል። የተለመደው የስልክ ድምፅ በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት ነው። በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ይቆረጥና በትንሽ ፓኬት ይታሸጋል፤ 160 ባይት ድምፅ፣ 40 ባይት አድራሻ። በሰከንድ 50 ፓኬት ማለት 80 ኪሎ ቢት ነው። አምስቱም ስልኮች አንድ ላይ ቢያዙ 400 ኪሎ ቢት፣ በመሄጃውም በመመለሻውም። ይህ ለዛሬ ኢንተርኔት ምንም ማለት አይደለም። የሚያስቸግረው መጠኑ ሳይሆን መዘግየቱ ነው። ድምፁ ከአፍ ወጥቶ ጆሮ እስኪደርስ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ሲበልጥ ሁለቱም አንድ ላይ ማውራት ይጀምራሉ፣ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ስለዚህ ራውተሩ ላይ «ድምፅ ይቅደም» የሚል ትእዛዝ ይሰጣል። አንዱ ነርስ የራጅ ፎቶ ሲልክ የሌላዋ ስልክ እንዳይቆራረጥ ማለት ነው። ስልኮቹንም በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ማድረግ ይሻላል።

ብዙ የተነጋገርነው ግን ስለ ዕቃው ሳይሆን ደዋዩ ስለሚሰማው የመጀመሪያ ድምፅ ነው። ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ሌላ ቦታ ይታከሙ የነበሩ አንዲት እናት ያጫወቱኝን ላውራችሁ። አንድ እግራቸው አብጦ ሦስት ቀን ቤት ተቀምጠዋል። «ለምን አልደወሉም እማማ?» አልኳቸው። «ኧረ ደውያለሁ ልጄ፤ አንዲት ፈረንጅ ዝም ብላ እያወራች አላስገባ አለችኝ። ነውር እንዳይሆንብኝ አስጨርሻት ዘጋሁት» አሉኝ። ያቺ ፈረንጅ የተቀዳ ድምፅ ናት፤ ለዚህ 1ን፣ ለዚያ 2ን ተጫኑ የምትለው። አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ ምን ሊሆን እንደሚችል ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

በራስ ማዞሪያ ትልቁ ጥቅም ይህን ራስህ መወሰን መቻልህ ነው። የእኛ ስልክ መጀመሪያ በሪሴፕሽኒስታችን ድምፅ «ጤና ይስጥልኝ» ይላል። አማርኛ፣ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ምርጫ አለው። ደዋዩ ምንም ካልተጫነ ግን አይዘጋም፣ አይደግምም፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ በቀጥታ ወደ ሰው ይሄዳል። ማታ ማታ ጥሪው ወደ ተረኛው ሐኪም ሞባይል ይሄዳል፤ በ20 ሰከንድ ካልተነሳ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው። የድሮዋ የማዞሪያ ሴትዮ የምታደርገው ነው፤ ጥበቃ መላክ ብቻ ቀረን።

በመጋቢት 2020 ኮቪድ ሲመጣ ጥቅሙ በደንብ ታየ። ሪሴፕሽኒስቷ የጠረጴዛ ስልኳን በፌስታል ይዛ ቤቷ ወሰደች፣ ከቤቷ ኢንተርኔት ጋር አገናኘችው፣ በዚያው ቁጥር በዚያው ድምፅ መልስ መስጠት ቀጠለች። በሽተኞቹ የሚያስለቅስ ነገር በበዛበት ሰሞን ቢያንስ የሚያውቁት ድምፅ አነሳላቸው።

በርካሽ ዋጋ ውስጥ የማይካተት ነገር

ዕቃው ርካሽ ሆኗል፤ ኃላፊነቱ ግን ከስልክ ኩባንያው ወደ እኛ ተዛውሯል። ይህን ታሪኩ ራሱ በሚያሳዝን መንገድ አስተምሮናል።

የድሮው የመዳብ መስመር ከአንድ ቤት ጋር የተያያዘ ነው። 911 ሲደወል አድራሻው አብሮ ይታያል። የኢንተርኔት ስልክ ግን የትም ይሰካል። በአሜሪካ የኢንተርኔት ስልክ ገና እየተስፋፋ ሳለ ሰዎች ለድንገተኛ እርዳታ ደውለው ትክክለኛው ቦታ ያልደረሰላቸው ጊዜ ነበር። የፌደራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2005 አገልግሎት ሰጪዎች 911ን ከነአድራሻው እንዲያደርሱ አስገደደ። ቢሆንም አድራሻውን በትክክል የሚያስመዘግበው ባለቤቱ ነው። ሪሴፕሽኒስቷ ስልኩን ቤቷ ስትወስድ መጀመሪያ የቀየርነው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የኬሪ ሀንት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013፣ ቴክሳስ ግዛት፣ ማርሻል ከተማ፣ አንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ ጥቃት ሲደርስባት የዘጠኝ ዓመት ልጇ አራት ጊዜ 911 ደወለች። አልገባም። የሆቴሉ ማዞሪያ ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9ን መጫን ይፈልግ ነበር፤ ሕፃኗ ይህን አታውቅም። እናቷ ሞተች። በአያቷ ጥረት በ2018 በስሟ ሕግ ወጣ፤ ከየካቲት 2020 ጀምሮ የሚተከል ማንኛውም የቢሮ ማዞሪያ ያለ ምንም ቅድመ ቁጥር 911ን በቀጥታ ማስገባት አለበት። አስተሪስክን ስትጭኑ ይህ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ያንን መስመር የሚጽፈው ግን ሰው ነው።

ሦስተኛው ሌብነት ነው። ኢንተርኔት ላይ የተጋለጠ ማዞሪያ ካለ ሌሊት ሌሊት የይለፍ ቃል እየሞከሩ ሰብረው የሚገቡ፣ ከዚያ በእናንተ ሒሳብ ወደ ውድ የውጭ ቁጥሮች የሚደውሉ ወንበዴዎች አሉ። ረጅም የይለፍ ቃል፣ ከማያስፈልግ አገር ጋር የሚያገናኘውን መስመር መዝጋት፣ በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ የወጪ ጣሪያ ማስቀመጥ ግድ ነው። አራተኛው የበሽተኛ ምስጢር ነው፤ ድምፁም የተተወው መልእክትም የሕክምና መዝገብ ነው ብለን እንይዘዋለን። ስለዚህ ጥሪው ተመስጥሮ እንዲሄድ ማድረግና መልእክቱን ማን እንደሚሰማ መወሰን ያስፈልጋል።

አገር ቤት ላላችሁ

አገር ቤት ክሊኒክ ወይም ቢሮ ያላችሁ ይህን አንብባችሁ ነገ ለመጀመር እንዳትነሱ። በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍ በሕጋችን የራሱ ታሪክ አለው። የ1989ኙን የቴሌኮሙኒኬሽን አዋጅ ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም መጠቀምንም ከልክሎ ነበር። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት በሚሰጥ ሰው ላይ ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ ደነገገ። ያን ጊዜ እዚህ ያለን ሰዎች ወላጆቻችንን በኢንተርኔት ስናናግር ጭምር ደንግጠን ነበር። ከሕጉ ጀርባ ያለው ነገር ለመረዳት ከባድ አይደለም፤ ከውጭ የሚገባ ጥሪ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ነው፣ ጥሪውን በጓሮ የሚያስገባ ደግሞ ያንን ገቢ ይወስዳል። በሌላ በኩል ያው ሕግ ለትንሽ ቢሮ የሚሆነውን ርካሽ መንገድም አጠበበው።

ከዚያ በኋላ ዘርፉ ተለውጧል። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሟል፣ ሁለተኛ ኦፕሬተርም ገብቷል። ስለዚህ ማንኛውም ሰው ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ባለሥልጣኑን በጽሑፍ ቢጠይቅና መልሱን ቢያስቀምጥ ይበጀዋል።

ለማኅበራችን ጽሕፈት ቤት

በመጨረሻ ወደ ተነሳሁበት ልምጣ። ከእኛ መካከል አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ዋሽንግተን፣ ስቶክሆልም፣ ሪያድ ያለ አለ። ማኅበራችን የሚፈልገው ማዞሪያ ትልቅ አይደለም። በውጭ ያለው ቅርንጫፍ በአንድ ቁጥር ቢጀምር፣ ጥሪውም ፈቃደኛ በሆኑ አራትና አምስት አባላት መካከል በተራ ቢዞር ይበቃል። የአገር ቤቱን ከፈቃዱ በኋላ ማገናኘት ይቻላል።

ለኮሚቴው የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስልኩን የሚከታተል አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ የይለፍ ቃሉንና የተመዘገበውን አድራሻ በየስድስት ወሩ የሚያይ። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ድምፅ የሰው ይሁን፣ ምንም ላልተጫነም ደዋይ መጨረሻው ሰው ይሁን። ከደዋዮቻችን አንዳንዶቹ ጡረታ የወጡ መምህሮቻችን ናቸው። እነሱን በቁጥር ምርጫ ማንከራተት አይገባም። የተረኞቹን ዝርዝር ለማውጣት እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ የቅዳሜውን ተራ ለራሴ ይዣለሁ።